«ፖሊስ ነን፣ ና ውጣ»፦ የሲቪል ለባሾች እስርና የአሶሳ ነዋሪ መብት

ሸሚዝና ጂንስ የለበሱ ሁለት ሰዎች አመሻሹ ላይ በአሶሳ ከተማ አንድን ወጣት ከሱቅ ደጃፍ ጠርተው «ለትንሽ ጉዳይ ትፈለጋለህ» ቢሉት፣ ወጣቱም ሆነ በዙሪያው የቆመው ሰው በመጀመሪያ ምን ያስባል? ሰዎቹ በሕግ የተላኩ መርማሪዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ሥልጣን ኖሯቸው ሕጉን የዘለሉም ሊሆኑ ይችላሉ። የፖሊስን ስም የተዋሱ ወንበዴዎች የመሆናቸውም ነገር አለ። በዚያች ደቂቃ ሦስቱም አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። የደንብ ልብስ ያስፈለገው እኮ ይህን ጥርጣሬ ለማስወገድ ነበር።

ለእኛ ለወንጌላውያን አማኞች ይህ ከሩቅ የምንሰማው ወሬ አይደለም። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት፣ ለአሶሳ ጎረቤት በሆነችው በምዕራብ ወለጋ ቦጂ የተወለዱት ቄስ ጉዲና ቱምሳ፣ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከሚገኘው የኡራኤል መካነ ኢየሱስ ማኅበረ ምእመናን አገልግለው ሲወጡ ሲቪል የለበሱ ሰዎች ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ይዘዋቸው ሄዱ። ወይዘሮ ፀሐይን ከከተማ ውጭ ጥለዋቸው ሄዱ፤ ቄስ ጉዲና ግን ተገደሉ። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት «ማን ወሰዳቸው? የት ናቸው?» ለሚለው የቤተሰብና የቤተ ክርስቲያን ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ቢሮ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሥርዓቱም ሕገ መንግሥቱም ተለውጧል። ይሁን እንጂ ጋዜጠኛ ጎበዜ ሲሳይ በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ሲቪል በለበሱ ሰዎች ከቤቱ ተወስዶ ለበርካታ ቀናት የት እንዳለ ሳይታወቅ ቆይቷል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም በ2015 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ ሰዎች ከቤታቸው፣ ከሥራ ቦታቸውና ከመንገድ ላይ ሲቪልም የደንብ ልብስም በለበሱ የጸጥታ ሰዎች ተይዘው ወዳልታወቀ ቦታ እንደሚወሰዱ በመግለጽ፣ ይህ አስገድዶ መሰወር አስቸኳይ ትኩረት እንደሚያሻው አሳስቧል።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ደግሞ ፍርሃቱ ሌላ ሥር አለው። መስከረም 2011 ዓ.ም. የካማሺ ዞን ኃላፊዎች በመንገድ ላይ ከተገደሉ በኋላ ግጭቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አፈናቀለ። ታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን ቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከመቶ በላይ ሰዎች ተጨፈጨፉ፤ ዞኑም በኮማንድ ፖስት ሥር ዋለ። የካቲት 2014 ዓ.ም. በጉባ ወረዳ አይሲድ ቀበሌ ሰዎች ሲገደሉና ሲቃጠሉ የመንግሥት የጸጥታ አባላት እጅ እንደ ነበረበት ኮሚሽኑ ይፋ አድርጓል። ከአሶሳ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድ ለዓመታት በታጣቂዎች ስጋት ውስጥ ኖሯል። እንዲህ ባለ ምድር የማያውቁት ሰው «ተነሥ፣ እንሂድ» ሲል የሚንቀጠቀጥ ሰው ፈሪ አይባልም።

እንግዲህ ሕጉ ምን ይላል? በመጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ፦ ሲቪል ልብስ በራሱ እስርን ሕገ ወጥ አያደርገውም። መርማሪ ሲቪል ለብሶ ሊሠራ ይችላል። ነገር ግን በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 56 የሚይዘው ሰው አስፈላጊ በሆነ ጊዜ አስቀድሞ ማንነቱን እንዲያስረዳ፣ የፍርድ ቤት ማዘዣ ይዞ ከሆነም እንዲያነብና ሲጠየቅ እንዲያሳይ ያስገድደዋል። «አስፈላጊ በሆነ ጊዜ» የምትለዋን ሐረግ አንዳንዶች መሸሸጊያ ያደርጓታል። የደንብ ልብስ ያልለበሰ ሰው ማንነቱን መግለጹ አስፈላጊ ካልሆነ ታዲያ መቼ ሊያስፈልግ ነው?

ያለ ማዘዣ መያዝም ይቻላል፤ እጅ ከፍንጅ ሲሆን፣ ወይም ቢያንስ አንድ ዓመት በሚያሳስር ወንጀል በቂ ጥርጣሬ ሲኖር። የቤት ፍተሻ ግን ሕጉ ከዘረዘራቸው ጥቂት ሁኔታዎች በቀር ማዘዣ ይፈልጋል፤ ፍርድ ቤቱ ለይቶ ካላዘዘም ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ የሚደረግ ነው። እኩለ ሌሊት በር የሚያንኳኳን ሰው «ማዘዣው የሌሊት ፍተሻ ይፈቅዳል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ዓመፅ አይደለም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበትን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ እንዲነገረው፣ ላለመናገር እንዲችል፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ቋንቋውን የጠቀሰችው ሐረግ ለክልላችን የተጻፈች ትመስላለች። በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ በሚኖሩበት ክልል በአማርኛ ብቻ «በዚህ ወንጀል ተጠርጥረሃል» የተባለ የበርታ ገበሬ መብቱ ተነግሮታል ማለት አይቻልም። አንቀጹ የሚናገረው ደግሞ ስለ ዜጋ ብቻ አይደለም፤ ስለ ተያዘ ሰው ሁሉ ነው። ስለዚህ ከሱዳን ጦርነት ሸሽቶ በኩርሙክ በኩል የገባውንም ስደተኛ ይመለከታል። 48 ሰዓቱ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚፈጀውን የጉዞ ጊዜ አይጨምርም። በክረምት የካማሺን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህች ክፍተት ምን ያህል ልትለጠጥ እንደምትችል ይገባዋል። አሶሳ ከተማ መካከል የተያዘ ሰው ላይ ግን ምክንያት ልትሆን አይገባም።

ዋናው ነገር ወዲህ ነው። አንድ ሰው ያለ አግባብ ሲያዝ ቤተሰቡ «አካሉን ነፃ ያውጡልን» ብሎ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 177 ግን ማመልከቻው በቃለ መሐላ ተደግፎ ሰውየው በማን እጅ እንዳለ፣ የት እንደ ተያዘና ማን ምስክር እንደሚሆን እንዲገልጽ ይጠይቃል። ስማቸውን ያልተናገሩ፣ ታርጋ በሌለው መኪና የመጡ ሰዎች ወስደውት ከሆነ ያ መስመር ባዶ ይቀራል። ዳኛው ማንን ጠርቶ «ሰውየውን አምጣ» ይበል? ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት «እኛ ጋር የለም» እየተባለ ቀን ይቆጠራል። ስለዚህ ስምና መታወቂያ መጠየቅ ፍርድ ቤት የሚቀርበውን ወረቀት ለመሙላት የሚያስፈልግ ነገር ነው። የተያዘው ሰው በድንጋጤ ባይጠይቅ እንኳ አጠገቡ የቆመው ሊጠይቅ፣ ሰዓቱን፣ የመኪናውን ቀለምና የሄደበትን አቅጣጫ ሊመዘግብ ይችላል።

ሰኔ 2017 ዓ.ም. በጸደቀው የገንዘብ ማጠብንና ሽብርተኝነትን በገንዘብ መርዳትን በሚከለክለው አዋጅ በሽፋን ሥር ለሚሠራ መርማሪ ሆን ብሎ ከሚፈጸም ግድያ በቀር ከወንጀል ተጠያቂነት ከለላ መሰጠቱ ብዙዎችን አሳስቧል፤ እኔም ስጋቱን እጋራለሁ። ሆኖም በሽፋን መረጃ መሰብሰብና ሰውን ይዞ ማሰር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ማንነቱን ደብቆ መረጃ የሚሰበስብ መርማሪ ሰው ሲይዝ መደበቁ ያበቃል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ፦ ራስን መከላከልስ? የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ሕገ ወጥ የሆነና የደረሰ ወይም ሊደርስ የቀረበ ጥቃትን በሌላ መንገድ ማስቀረት ሳይቻል ሲቀር፣ ከአደጋው ጋር በተመጣጠነ ኃይል የተከላከለ ሰው እንደማይቀጣ ይደነግጋል። ወንበዴ አፍኖ ሊወስደን ቢሞክር መታገል፣ መጮኽ፣ ማምለጥ መብታችን ነው። ሰዎቹ እውነተኛ ፖሊሶች ሆነው ቢገኙስ? እዚህ ላይ አንቀጽ 80ና 81 በጥንቃቄ መነበብ አለባቸው። በነገሩ እውነታ ላይ የተሳሳተ፣ ማለትም ሌቦች መስለውት የተከላከለ ሰው፣ እንደ ገባው ይዳኛል። ፖሊስ መሆናቸውን እያወቀ «ይህ እስር ሕገ ወጥ ነውና እታገላለሁ» ያለ ሰው ግን ሕግን አለማወቁ መከላከያ አይሆነውም። ስለዚህ መታወቂያ የሚያሳይ ፖሊስ ያንን መምታታት ያስወግዳል፤ እምቢ ያለ ደግሞ ራሱንም ለአደጋ ያጋልጣል።

ይህ ሁሉ ግን በችሎት የሚነገር ነው። በመንገድ ላይ ያለው ነገር ሌላ ነው። በገጠራችን መሣሪያ ብርቅ አይደለም፤ አንድ ሰው በሌላው ላይ ቢተኩስ ነገሩ በነጋታው የብሔር ጉዳይ ይሆናል። በእኔ አመለካከት፣ የመጡት ሰዎች ምናልባት ፖሊስ ሊሆኑ የሚችሉበት ጭላንጭል ካለ እጅ ከማንሣት ይልቅ ድምፅ ማንሣት ይሻላል። ጎረቤትን በስም መጥራት ነው። «ወንድሜ፣ መታወቂያዎን ያሳዩኝ፤ እምቢ አልልም፣ በእግር አብረን ወደ ፖሊስ ጣቢያ እንሂድ» ማለት ነው። እውነተኛ መርማሪ ሰው እያየው ጣቢያ ድረስ መሄድ የሚያሳፍረው አይመስለኝም። መኪና ውስጥ ለመክተት የሚቸኩል ሰው ግን ማንነቱን በዚያው ይናገራል፤ ያኔ ሁኔታው ከአንቀጽ 78 ጋር ይመዘናል።

ሐዋርያው ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ሊገርፉት ሲያስሩት የመቶ አለቃውን አልመታም፤ ያልተፈረደበትን ሮማዊ መግረፍ ይፈቀድ እንደ ሆነ ግን ጠየቀው (ሐዋ. 22፥25)። ጥያቄው ብቻ ጅራፉን አስቆመ። ብዙ ጊዜ የማይሰበከው ደግሞ የእኅቱ ልጅ ነው (ሐዋ. 23፥16)። ወጣቱ የግድያውን ሴራ ሰምቶ ወደ ሰፈሩ ገብቶ ለጳውሎስ ነገረው። መግባት ባይፈቀድለት ኖሮስ? የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 21 እስረኛ በትዳር ጓደኛው፣ በዘመዶቹ፣ በጓደኞቹ፣ በሃይማኖት አማካሪው፣ በሐኪሙና በጠበቃው እንዲጎበኝ ይፈቅዳል። መጋቢና ሽማግሌ በዚህ ዝርዝር ውስጥ በግልጽ አሉ። ይሁንና ብዙ አጥቢያዎች አባላቸው ሲታሰር የጸሎት ርእስ ያደርጉታል እንጂ በማግስቱ ጠዋት ጣቢያው በር ላይ አይገኙም።

መሄድ ያለበትም አንድ ሰው ብቻ አይደለም። ሁለት ሽማግሌዎች፣ ቢቻል አንዷ ሴት፣ የተያዘው ሰው ቋንቋ የሚችል አስተርጓሚም አብሮ ይሂድ። መጀመሪያ የከተማውን ጣቢያ፣ ቀጥሎ የክልሉን ፖሊስ ኮሚሽን ይጠይቁ፤ «የለም» ከተባሉ የመለሰላቸውን ሰው ስም፣ ቀንና ሰዓት ይጻፉ። የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በአሶሳ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት አለው፤ አቤቱታም ያለ ክፍያ ይቀበላል። 48 ሰዓቱ ሲያልፍ እነዚያ የተጻፉ «የለም»ዎች ከቃለ መሐላው ጋር ተያይዘው ለፍርድ ቤት ይቀርባሉ።