ከርካሹ ጎማ ይልቅ ያረጀውን እንፍራ

አዲስ አበባ ላይ ሞተር ሳይክል እንደልብ የሚነዳበት ጊዜ ካለፈ ቆየ። የከተማ አስተዳደሩ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ እገዳ ከጣለ ወዲህ፣ በፈቃድ ከሚንቀሳቀሱት ሞተሮች ብዙዎቹ ለእንጀራ የሚሮጡ ናቸው። ከሜክሲኮ አብነት፣ ከልደታ ጦር ኃይሎች ምግብና ዕቃ ለሚያደርስ ሞተረኛ ጎማ መቀየር ቀላል ወጪ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻግሯል፤ ይህም ከውጭ በሚመጣው ጎማ ላይ ጫናውን አሳርፏል። ታዲያ ብዙ ሰው «የማይታወቅ ርካሽ ጎማ ከምትገዛ፣ ስም ያለውን ሰልባጅ ፈልግ» ብሎ ይመክራል። ይህ ምክር የተሳሳተ ይመስለኛል። ኪሱ የሳሳ ሞተረኛ ሊመርጥ የሚገባው ስሙ ያልገነነ ቢሆንም አዲስ የሆነና ለሞተሩ ልክ የሆነ ጎማ ነው።

ምክንያቱ የላስቲክ ጠባይ ነው። ላስቲክ ባይነዳበትም ያረጃል፤ ፀሐይና አየር ያደርቁታል፣ ይሰነጣጥቁታል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኝ ከተማ፣ ሱቅ በራፍ ላይ ተሰቅሎ የሚውል ጎማ ፀሐዩን በደንብ ይጠጣል። የደረቀ ጎማ ጥርሱ ያልተበላ ቢሆን እንኳ፣ በክረምት የረጠበ አስፋልትና ኮብልስቶን ላይ መንገዱን ቆንጥጦ መያዝ ያቅተዋል። ሰልባጁ ደግሞ ስንቴ እንደተበሳ፣ ስንት ጊዜ ንፋስ ጎድሎት ከጭነት ጋር እንደተነዳ ገዢው የሚያውቅበት መንገድ የለም። ስሙ የፋብሪካውን ጥራት ይናገር ይሆናል እንጂ ጎማው ያሳለፈውን አይናገርም። ጥርሱ ካለቀ በኋላ በጋለ ስለት እንደገና የተቀረጸ ከሆነማ፣ የተቆረጠው ገላውን የሚሸፍነው የመጨረሻው ላስቲክ ነው።

ገዢው የሚያስፈልገው ማስረጃ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። «2.75-17» ሲል የጎማው ስፋት 2.75 ኢንች፣ የሚገባበት ቸርኬ 17 ኢንች ነው ማለት ነው። ቀጥሎ «41 ፒ» ካለ፣ ጎማው እስከ 145 ኪሎ ይሸከማል፣ በሰዓት እስከ 150 ኪሎ ሜትርም ይነዳል። በክብ ውስጥ ያለው የ«ኢ» ምልክት በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 75 መሠረት ተፈትኖ ማለፉን ያሳያል፤ ይህ ምልክት ርካሽ በሚባሉ ብዙ ጎማዎችም ላይ ይገኛል። ዋናው ግን አራቱ አሃዝ ነው። «2416» ቢል በ2016 በ24ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ዓመቱ ግን የፈረንጆቹ ስለሆነ በእኛ ሲቆጠር ሰኔ 2008 ዓ.ም. ነው። በእኛው አቆጣጠር «የ2016 ነው» ብሎ ያነበበ ገዢ ስምንት ዓመት ገደማ ተሸወደ ማለት ነው።

«ስም ያለው ጎማ በዝናብ ቶሎ ያስቆማል፣ ብዙም ያስኬዳል» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። እውነት ነው፤ ግን ይህ ብልጫ አዲስ ለሆነው እንጂ ለደረቀው አይሠራም። አቅም የሚፈቅደው አንዱን ጥሩ ብቻ ከሆነ ደግሞ ለፊት ይሁን፤ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ ሞተሩን በዋናነት የሚያቆመው የፊቱ ጎማ ነው። «መጋዘን የከረመ ሁሉ ይጣል ወይ?» ለሚለውም መልሱ አይደለም ነው። ከፀሐይ ርቆ ሁለት ዓመት የተቀመጠ ጎማ አልተበላሸም፤ ዋጋው ግን ዕድሜውን ይምሰል። «ለዕለት ጉርሱ የሚሮጥ ሰው ይህን ሁሉ ሊያሰላ አይችልም» የሚሉም አሉ። ስሌቱ ግን ቀላል ነው፦ ለምሳሌ በ2,000 ብር ተገዝቶ አራት ወር የሚያገለግል ሰልባጅ በወር 500 ብር ያስወጣል፤ በ3,600 ተገዝቶ ዓመት የሚቆየው 300 ብር ብቻ። ከመነዳሪውን አብሮ መቀየርና በየሳምንቱ ጎሚስታ ጋ ንፋስ ማስለካት ደግሞ ይህን ዕድሜ ያስጠብቃል።

ሁሉንም ኃላፊነት ሞተረኛው ላይ መጫን ግን አይገባም። 3,600 ብር ባንዴ ማውጣት ለማይችለው፣ በእሱ ጉልበት የሚነግዱት አድራሽ ድርጅቶች ጎማ በጅምላ ገዝተው በየወሩ ቀስ እያሉ ሊቆርጡለት ይችላሉ። የንግድ ቁጥጥሩም የታሸገ ምግብ ሲሸጥ የምርት ቀን እንደሚጠይቀው ሁሉ፣ የጎማ ሻጭ የተመረተበትን ወርና ዓመት በእኛ አቆጣጠር ደረሰኙ ላይ እንዲጽፍ ያስገድድ። ለሻጩ የአንድ መስመር ጽሑፍ ነው፤ ገዢው ግን በምን ዋጋ ምን ያህል ዕድሜ እንደገዛ ያውቃል።