እርማትም ስሕተት አለበት

«ስሕተቱ ታውቋል፤ እርማቱም ተጽፎ አልቋል፤ ታዲያ ስለ ምን ለወራት ያስጠብቁናል?» ይህ ዴቢያን በተባለው የሊኑክስ ሥርዓት የሚሠሩ ጓደኞቻችን ዘወትር የሚያሰሙት ስሞታ ነው። ስሞታው ከንቱ ነው አልልም። ነገር ግን የዴቢያን አዘጋጆች የረጋውን እትም ለመንካት መዘግየታቸው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ።

አስቀድመን ደንቡን እንመልከት። ዴቢያን በየሁለት ዓመቱ ገደማ አንድ የረጋ እትም ያወጣል። እትሙ ከወጣ በኋላ ፕሮግራሞቹ በአብዛኛው በአዲስ አይተኩም፤ ከባድ ጉድለት ሲገኝ ለዚያ የሚበቃው እርማት ብቻ ተነጥሎ በነባሩ ፕሮግራም ላይ ይጨመራል። እርማቱም በመጀመሪያ አንስቴብል በሚባለው የልማት ክፍል ሊገባ ይገባል፤ ከዚያም የተለወጠው መስመር ሁሉ ለእትሙ ኃላፊዎች ቀርቦ ይመረመራል፤ ከተፈቀደም በኋላ በየሁለት ወሩ ገደማ ከሌሎች ጋር ተጠቃልሎ ይታደላል። ለሰርጎ ገቦች በር የሚከፍት ቀዳዳ ሲገኝ ግን እርማቱ ይህን ወረፋ ሳይጠብቅ በሌላ መንገድ ይላካል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ስለ ምን አስፈለገ? እርማት ራሱ ለውጥ ስለ ሆነ ነው። በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ አንድ የዴቢያን አዘጋጅ፥ የመመርመሪያ መሣሪያ ያሳየውን ማስጠንቀቂያ ለማስወገድ በማሰብ፥ ኦፕንኤስኤስኤል ከተባለው የምስጢር መጠበቂያ ፕሮግራም ጥቂት መስመር ሰረዘ። ያ በቅን ልቡና የተደረገ እርማት፥ በኮምፒዩተሮቹ የሚፈጠሩትን የምስጢር ቁልፎች በቀላሉ የሚገመቱ አደረጋቸው። ጉዳዩ ይፋ የሆነው በግንቦት ወር 2000 ዓ.ም. ነበር።

በኅዳር 2016 ዓ.ም. ደግሞ 12.3 የተባለው የእርማት እትም ሊወጣ ሲል፥ በውስጡ ያለው ከርነል በኤክስት4 የተቀመጡ ፋይሎችን ሊያበላሽ እንደሚችል ታወቀ። ምክንያቱ አንድ እርማት፥ እርሱ የሚደገፍበት ሌላው እርማት ሳይከተለው ወደ አሮጌው ከርነል መግባቱ ነበር። አዘጋጆቹም ያንን አቁመው ኅዳር 30 ቀን 12.4ን አወጡ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላል ያገራችን ሰው፤ የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ የተበላሸ ፋይል ግን ቅጂ ለሌለው ሰው ጠፍቶ ይቀራል።

«እነዚህ ጥፋቶች በደንቡ ላይ የሚመሰክሩ አይደሉምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ወንፊቱ አንዳንድ ገለባ ያሳልፋልና ሳንነፋ እንጋግር ማለት ግን ትክክለኛ ፍርድ አይደለም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ኤክስዜድ በተባለው ፕሮግራም አዳዲስ እትሞች ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ የጓሮ በር ተገኘ። ተንኮሉ ወደ ዴቢያን የልማትና የሙከራ ክፍሎች ገብቶ ነበር፤ ወደ ረጋው እትም ግን አልደረሰም። አዲሱን ሁሉ እንደ ወጣ የሚቀበል ቢሆን ኖሮ የብዙ ሰው ኮምፒዩተር በተደፈረ ነበር።

ይሁን እንጂ መርጋት ለስንፍና መሸፈኛ ሊሆን አይገባም። የተጠቃሚውን ሥራ የሚያጠፋ ጉድለት መኖሩን እያወቀ፥ «የሚመጣውን እትም ጠብቁ» ብሎ ዝም የሚል አዘጋጅ ደንቡን ጠበቀ አይባልም፤ ደንቡን ምክንያት አደረገ እንጂ። ዝግተኛነት የሚመሰገነው በዚያ ጊዜ ውስጥ ምርመራ ሲደረግ ብቻ ነው።

ምርመራውም የአዘጋጆች ብቻ ዕዳ አይደለም። አብዛኞቹ በፈቃደኝነት የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፤ በዓለም ያለውን ኮምፒዩተር ሁሉ ሊሞክሩ አይችሉም። ለመታደል የተዘጋጁት እርማቶች አስቀድመው የሚቀመጡበት ክፍል ለማንም ክፍት ነው። እኛ ግን እርማቱ ሲዘገይ እንጮኻለን፤ ሲበላሽም እንጮኻለን፤ በመካከሉ ባለው ጊዜ ግን የሚሞክር ከመካከላችን ስንቱ ነው? ጉዳት የማያስከትልበት ትርፍ ኮምፒዩተር ያለው ተማሪ እርማቶቹን ጭኖ ይፈትናቸው፤ ያየውንም ጉድለት በግልጽ ጽፎ ለአዘጋጆቹ ይላክ። ለመጠገን ዕውቀት የሌለው፥ ሥራው ግን በዚያ ኮምፒዩተር ላይ የተመሠረተ ሰው በሰላም ውሎ የሚያድረው በዚህ ዓይነት ነው።