ከጓዳችን፦ የዓሣ እንቁላል በበርበሬ

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ በአሞራ ገደል በኩል፣ ዓሣ የሚያጸዱት ልጆች ሆድ ዕቃውን ሲወረውሩ አባ ኮዳዎቹ ተሻምተው ይውጡታል። አብሮ የሚወረወር አንድ ነገር አለ፤ እንቁላሉ። ገንቢ ምግብ ነው፤ ሥጋው ለተወደደበት ቤት ደግሞ ትልቅ ሲሳይ።

ሐላልነቱን የሚጠይቁን አሉ። አላህ በሱረቱል ማኢዳህ አንቀጽ 96 የባሕርን ታዳኝ ፈቅዷል፤ የፊቅህ ሊቃውንትም ሐይቅንና ወንዝን ከዚሁ ይቆጥራሉ። ዓሣ እርድ አያስፈልገውም፤ እንቁላሉም የሥጋውን ብይን ይከተላል። ቅርፊት የለውም ተብሎ የሚጸየፉት አምባዛም ቢሆን በአራቱም መዝሀቦች ይበላል።

ነገር ግን ሐላል መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ጠይብም መሆን አለበት። የቆሮሶና የአምባዛ እንቁላል ይበላል። የቢልጫን ግን አትንኩ! ሥጋው ምንም አይደለም፤ እንቁላሉ ነው አስጊው። የአውሮፓው ዘመዱ እንቁላል ክፉ ትውከትና ተቅማጥ እንደሚያስከትል ከጥንት የታወቀ ነው፤ የደቡብ አፍሪካዎቹም እንዲሁ ይፈራሉ። እሳት መርዙን ያጠፋዋል ብላችሁ አትመኑ። ስለዚህ ተለይቶ በፌስታል የሚሸጥ እንቁላል አትግዙ፤ ዓሣው ፊታችሁ ይሰንጠቅ።

ወደ ምጣዱ እንሂድ። ከረጢቱን ሳትቀዱ በቀዝቃዛ የጨው ውሃ እጠቡት። ሐሞት የነካውን ቆርጣችሁ ጣሉ፤ ይመርራል። በመርፌ ጥቂት ቦታ ወጋ ወጋ አድርጉና እርድና ጨው በገባበት፣ ቀስ ብሎ በሚፈላ ውሃ ለ5 ደቂቃ ያህል ቀቅሉት፤ የአምባዛው ትልቅ ስለሆነ እስከ 10 ይቆይ። ሲጠጥር አቀዝቅዛችሁ በጣት ውፍረት ቁረጡ።

ለግማሽ ኪሎ 1 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ለመቅመስ ያህል ሚጥሚጣ፣ 4 ፍልቃቂ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቂት ዝንጅብል፣ ጨውና የ1 ሎሚ ጭማቂ ለውሳችሁ ቀቡትና ግማሽ ሰዓት አቆዩት። ከዚያ ዱቄት ነስነስ አድርጋችሁ ቢስሚላህ ብላችሁ ዘይት ውስጥ ክተቱት። እሳቱ መካከለኛ ይሁን፤ በኃይለኛ እሳት በርበሬው ያርና ውስጡ ጥሬ ይቀራል። እንቁላሉ ጧ እያለ ዘይት ስለሚረጭ ክዳን አዘጋጁ፤ ልጆችንም ከምድጃው አርቁ። አንዱን ስትቆርጡት መሐሉ እንደ ዳሩ የጠጠረና ደረቅ ያለ ከሆነ በስሏል።

በትኩሱ ከዳጣና ከቆጮ ጋር ይቀርባል። እንጀራም ይሄዳል፤ እኔ ግን ቆጮውን እመርጣለሁ። ማቀዝቀዣ የሌላችሁ የተረፈውን አታሳድሩ፤ ለጎረቤት በትኩሱ ላኩ።