የጉዲፈቻ ልጆቻችን እውነቱን ከእኛ አንደበት ይስሙ

የጌታችንና የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የጥምቀት በዓል በየዓመቱ ጥር 11 ቀን ሲከበር፣ ከከተራ ጀምሮ ታቦታቱ ወደ ባሕረ ጥምቀት ሲወርዱና በዝማሬና በእልልታ ታጅበው ሲመለሱ፣ ዐይናችን በድምቀቱ መማረኩ አይቀርም። የበዓሉ ምሥጢር ግን ከድምቀቱ ይልቃል። በዮርዳኖስ አብ ስለ አንድያ ልጁ መስክሯል፤ እኛም ወንዶቹ በ40፣ ሴቶቹ በ80 ቀን ተጠምቀን የእግዚአብሔር ልጆች ተብለናል። እርሱ የባሕርይ ልጅ ነው፤ እኛ ልጅነትን በጸጋ ያገኘን ነን። ቅዱስ ጳውሎስም ለሮሜና ለገላትያ ምእመናን በላካቸው መልእክታት ይህንኑ አስተምሯል።

ቤተ ክርስቲያን ይህን እውነት ሰውራን አታውቅም። ልጅነታችን በጸጋ የተገኘ መሆኑን በግልጽ ትነግረናለች፤ ስለነገረችንም ርስታችን አልጎደለም፣ መወደዳችንም አልቀነሰም። ታዲያ ሌላ የወለደውን ሕፃን እንደ አብራካቸው ክፋይ የሚያሳድጉ ብዙ ክርስቲያን ቤተሰቦች ነገሩን ከልጁ የሚደብቁት ስለ ምንድን ነው?

መደበቅ የአባቶቻችን ልማድ አልነበረም። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ራሱ ከኦሮምኛ የመጣ ሲሆን፣ በዚያ ባህል ልጁ በወገን ፊት በይፋ የሚታወቅ ልጅ ይሆናል። የጡት ልጅ የማድረግ ሥርዓትም የሚፈጸመው በምስክሮች ፊት ነበር። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጉዲፈቻ ልጅ እንደ አሳዳጊው ልጅ እንደሚቆጠር ደንግጎ፣ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና ግን እንደማይቋረጥ ይገልጻል። በ2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻ በሕግ ከቀረ ወዲህ ደግሞ አሳዳጊ ለሚሹ ሕፃናት በር የመክፈቱ አደራ በአገር ቤት ቤተሰብ ላይ ወድቋል። ስለዚህ ጉዳዩ የጥቂት ቤቶች ብቻ አይደለም።

አንዳንዶች «ልጁ ካወቀ ልቡ ይሸፍታል» ብለው ይሰጋሉ። መጽሐፍ ቅዱስ ግን ሌላ ያሳየናል። የፈርዖን ልጅ ሕፃኑን ሙሴ ብላ የሰየመችው ከውኃ ስላወጣችው ነው፤ ስሙ በተጠራ ቁጥር የመጣበትን ይነግረው ነበር። አስቴርም እናትና አባቷ እንደሞቱ፣ ያሳደጋትም የአጎቷ ልጅ መርዶክዮስ እንደሆነ ታውቅ ነበር። ንግሥት ከሆነች በኋላ እንኳ በቤቱ ሳለች እንደምታደርገው ቃሉን ትሰማ ነበር። እውነቱን ማወቋ ፍቅሯን አላቀዘቀዘውም።

የመደበቅ ጉዳቱ ግን ብዙ ነው። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ዘር መቁጠር የኖረ ሥርዓታችን ነው፤ የተወለደበትን ወገን የማያውቅ ልጅ በምን ይቆጥራል? ወላጆቹ በሞት ተለይተው እንደሆነ የክርስትና ስማቸውን ካላወቀ በጸሎት እንዴት ያሳስባቸዋል? ከዚህም በላይ ምስጢሩ ተደብቆ አይቀርም። በጎረቤት ጠብ፣ በለቅሶ ቤት ወይም በውርስ ክርክር መካከል ከሌላ ሰው አፍ ይወጣል። ያን ጊዜ ልጁን ይበልጥ የሚያቆስለው በጉዲፈቻ ማደጉ ሳይሆን፣ የሚያምናቸው ሰዎች ለዓመታት እውነቱን መንፈጋቸው ነው።

እንዴት እንንገር? ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን እስኪደርሱ መጠበቅ አይገባም። ሕፃኑ ገና በ3 ወይም በ4 ዓመቱ «ሌላ እናት ወለደችህ፤ እኛም ልጃችን እንድትሆን ወደድን» ቢባል ይበቃዋል። ዕድሜው ሲጨምር ጥያቄውም ይጨምራል፤ መልሱም አብሮ ይደግ። የወለደችውን እናት ማንቋሸሽ ወይም በሕይወት ያለችውን ሞታለች ማለት ነውር ነው። የማናውቀውን አናውቅም ብንል ግን አያሳፍርም። በቁጣ ሰዓት ወይም እንግዳ በከበበው የበዓል ማዕድ ላይ አይነገር። «እኛ ባናነሣህ ኖሮ» እያሉ ውለታ መቁጠርም ጸጋን ወደ ዕዳ መለወጥ ነው። ልጁ ቢያዝን ወይም ቢያለቅስ ኀዘኑን እንደ ውለታ ቢስነት አንቁጠርበት፤ አቅፈነው እንስማው። አያቶችና የክርስትና አባት ወይም እናት ከወላጆቹ ጋር አንድ ቃል ይናገሩ። ዝርዝሩን ለመንደሩ ማውራት ግን አይገባም፤ ታሪኩ የልጁ ነውና።

እስከ ዛሬ የዘገዩ ወላጆችም ከንስሐ አባታቸው ጋር ተመካክረው፣ ልጁ ከሌላ ሳይሰማ ራሳቸው ሊነግሩት ይገባል። ለመዘግየታቸውም ይቅርታ ቢጠይቁት ክብራቸው አይቀንስም።

ልጅነትን በጸጋ የተቀበልን ሁላችን፣ በጸጋ የተቀበልናቸውን ልጆች በእውነትና በፍቅር እናሳድግ ዘንድ እግዚአብሔር ይርዳን። በዓሉን የሰላም፣ የፍቅርና የበረከት ያድርግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።