በሩ ተቆልፏል፣ ጣሪያው ያፈሳል

ከጅማ እስከ አጋሮ ቡና የሚያከማች ሁሉ ያውቀዋል፤ የመጋዘኑ በር የቱንም ያህል ቢቆለፍ ጣሪያው ካፈሰሰ ቡናው ይሻግታል። ፍላሽ ከልክሎ፣ ኢንተርኔት ዘግቶ፣ ማይክሮሶፍት በ2020 (እ.ኤ.አ.) ድጋፉን ባቆመው ዊንዶውስ 7 የሚሠራ መሥሪያ ቤትም ይህንኑ መጋዘን ነው።

ኃላፊዎች «የሚሠራን ነገር አትነካኩ» ይላሉ። ማስረጃ ካስፈለጋቸው መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. አለላቸው። በዚያ ሌሊት የንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ሰው ከሌለው ሒሳብ ብር አወጣ፤ ወሬው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ድረስ ደረሰ። ባንኩ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መውጣቱን ገለጸ። ብሔራዊ ባንክም ችግሩ በጥገናና ፍተሻ ሥራ ላይ የተፈጠረ ነው አለ።

ትምህርቱ ግን «አትንኩ» ሳይሆን «በሥርዓት ንኩ» ነው። ያልነኩትስ ምን ሆኑ? በ2017 (እ.ኤ.አ.) ዋናክራይ ሲነሳ ማስተካከያው ከተለቀቀ ሁለት ወር ገደማ ሆኖት ነበር። ያልጫኑ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች የሕሙማንን ቀጠሮ ሰረዙ። ቫይረሱ በውስጥ ኔትወርክ ከማሽን ማሽን ይዛመት ስለነበር ፍላሽ መከልከል አያቆመውም።

በጥብቅ ቤትም መንገድ አለ። ማሻሻያው በአንድ በተፈቀደ ማሽን ከአምራቹ ይውረድ፣ ይፈተሽ፣ መጠባበቂያ ቅጂ ይያዝ፣ በሁለት ኮምፒውተር ይሞከር፣ ከዚያ ለሁሉም ይዳረስ። ድጋፍ ያበቃለት ስሪት ደግሞ ይቀየር፤ ወጪውም በጀት ውስጥ ይግባ።

ክልከላውን በደብዳቤ የፈረመ ኃላፊ የማዘመኛውንም ቀን ይፈርም። ያለዚያ ጥበቃ የሚለው ነገር ከተጠያቂነት መሸሻ ብቻ ነው።