ስለ አንበጣ መንጋ የሚደርሱ ወሬዎች ሲጋጩ

የበረሃ አንበጣ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የአማራን ክልል በወረረ ጊዜ እንደታየው፣ መንጋን ለመከላከል የት እንዳለ ብቻ ሳይሆን ምን ሊያደርግ እንደተነሣ ማወቅ ያስፈልጋል።

በደብረ ታቦር ዙሪያ ካሉ ሁለት ቀበሌዎች አንዱ «መንጋው አልፎን ሄደ»፣ ሌላው «ሰፈረብን» ቢሉ፣ የሳተላይት ምስልም ልምላሜውን በሌላ አቅጣጫ ቢያሳይ የቱ ይታመን?

በእኛ አስተያየት አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል ስሕተት ነው። አስቀድሞ እያንዳንዱ ምን እንዳየና መቼ እንዳየ ይመርመር። ሳተላይቱ የሚያሳየው ዝናብና ልምላሜን፣ ማለትም አንበጣው ሊመቸው የሚችለውን ቦታ ነው። አንበጣውን ራሱን የሚያየው ገበሬው ነው። መንጋው ነፋስን ተከትሎ በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ስለሚችል፣ የረፋዱም የማታውም ወሬ እውነት ሊሆን ይችላል።

ቀለሙም ይነገር። ሮዝ መልክ ያለው ገና ያልጎለመሰ ነው፤ በልቶ ጉዞውን ይቀጥላል። ቢጫው እንቁላል ለመጣል የደረሰ ስለሆነ፣ ከሄደም በኋላ ያረፈበት መሬት መጠበቅ አለበት።

መድኃኒት የሚረጨው መንጋው ሰፍሮ ሳለ፣ በተለይም ፀሐይ ሳያሞቀው በማለዳ ነው። በተሳሳተ ወሬ ባዶ ማሳ ቢረጭ ግን አንበጣው ያመልጣል፤ ንቡ ያልቃል።

ስለዚህ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ቀለሙን፣ መስፈሩን ወይም መብረሩን ለልማት ሠራተኛው ንገሩ። ያያችሁትን «አየን»፣ የሰማችሁትን «ሰማን» በሉ።