ደራሲው የሞተበት ታሪክና የአንባቢው ፍርድ

አንድ ሰው ረጅም ታሪክ መተረክ ጀምሮ ሳይፈጽመው ቢሞት፥ የቀረው ታሪክ የማን ነው? ከባለቤቱ ጋር አብሮ ይቀበር? ወይስ ከአፉ የሰማ ወዳጅ ይጨርሰው? ወይስ ዘመኑን ሁሉ ሲጠባበቅ የኖረው አድማጭ እንደ ወደደ ይደምድመው? ጥያቄው ለጊዜው የቀልድ ይመስላል። ነገር ግን በጃፓን አገርና ከጃፓንም ውጭ ብዙ ወጣቶችን ያከራከረ፥ አንዳንዶቹንም ያስለቀሰ ጉዳይ ስለ ሆነ፥ እኛም ዛሬ ጥቂት ልንመረምረው ወደድን። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምንጽፈው እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እንገልጻለን።

ጃፓኖች ማንጋ የሚሉት በሥዕል የሚተረክ ታሪክ አላቸው። ይህም ለሕፃናት ማጫወቻ ብቻ የተዘጋጀ አይደለም፤ ተማሪውም፥ የቢሮ ሠራተኛውም፥ ነጋዴውም ያነበዋል። ታሪኩ በመጽሔት ላይ በየክፍሉ ይወጣል፤ ቈይቶም ክፍሎቹ ተሰብስበው በመጽሐፍ መልክ ይታተማሉ። ከነዚህ አንዱ «በርሰርክ» የተባለው ነው። ደራሲውና ሠዓሊው ኬንታሮ ሚዩራ በ1989 ዓ. ም. ሥራውን በመጽሔት ማውጣት ሲጀምር ገና የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነበር።

የታሪኩ ጀግና ጋትስ ይባላል። ከተሰቀለች እናት ሬሳ ሥር ተገኝቶ በቅጥር ወታደሮች መካከል ያደገ፥ ከቁመቱ የሚተካከል ሰይፍ ተሸክሞ የሚዞር ሰው ነው። ወዳጁና አለቃው የነበረው ግሪፊዝ፥ የሥልጣን ምኞቱን ለመፈጸም ሲል ጓደኞቹን ሁሉ ለአጋንንት አሳልፎ ሰጣቸው። ጋትስ አንድ ዓይኑንና አንድ ክንዱን አጥቶ አመለጠ፤ የሚወዳት ካስካ ግን ከደረሰባት መከራ የተነሣ አእምሮዋን አጣች። ከዚያ ወዲህ ታሪኩ የሚሄደው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ ይኸውም ሰውየው በቀሉን ይከተል ወይስ የቀሩለትን ሰዎች ይጠብቅ የሚል ነው። ጭራቁና አስማቱ የበዛ ቢሆንም አንባቢውን የያዘው ይህ ጥያቄ ነው ብለን እናምናለን።

ሚዩራ እያንዳንዱን ሥዕል እጅግ አድርጎ የሚያደክም ሠራተኛ ነበር። የጥሩሩን ቀለበት፥ የዛፉን ቅርፊት፥ የሠራዊቱን ብዛት ሁሉ በቀጭን መስመር ይሞላው ነበር። ስለዚህ ሥራው እያደር ዘገየ፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት በዓመት የሚወጡት ክፍሎች በጣት የሚቈጠሩ ሆኑ። ባለታሪኮቹ መርከብ ተሳፍረው ለብዙ ዓመታት ከባሕር ሳይወርዱ በመቅረታቸው፥ አንባቢዎቹ መርከቢቱን መቀለጃ አድርገዋት ነበር። አንዳንዶቹም ደራሲውን ሰነፍ እስከ ማለት ደረሱ።

በግንቦት ወር 2021 ዓ. ም. ግን ቀልዱ ሁሉ ቀረ። ሚዩራ በዚያ ወር በ6ኛው ቀን ልቡን የሚያገናኘው ታላቁ የደም ሥር ተሰንጥቆበት በ54 ዓመቱ መሞቱን አሳታሚው ሃኩሴንሻ በ20ኛው ቀን አስታወቀ። ሥራው እስከዚያ ጊዜ ከ50 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሰራጭቶ ነበር። በብዙ አገር የሚገኙ ወጣቶች «ፋይናል ፋንታሲ 14» በተባለው የኤሌክትሮኒክ ጨዋታ ውስጥ፥ ጥቁር ጥሩር የለበሱና ታላላቅ ሰይፍ የያዙ ወታደሮቻቸውን በመንገድ ዳርና ዳር በዝምታ አሰልፈው ኀዘናቸውን ገለጹ። ፊቱን አይተውት ለማያውቁት ሰው እንደዚህ ማዘናቸው የሚያስቅ ነገር አይደለም። ሰው ከልጅነቱ እስከ ጕልምስናው አብሮት የቈየውን ታሪክ እንደ ዘመድ ይቈጥረዋልና።

በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ሚዩራ በእጁ ይዞት የነበረው 364ኛው ክፍል በረዳቶቹ ተጠናቆ «ያንግ አኒማል» በተባለው መጽሔት ወጣ። በክፍሉ መጨረሻ ግሪፊዝ በጋትስ ፊት ቆሞ ይታያል። ብዙዎች ታሪኩ በዚህ አበቃ ብለው ተስፋ ቈርጠው ሳለ፥ በሰኔ ወር 2022 ዓ. ም. ያልተጠበቀ ማስታወቂያ ተነገረ። ኮጂ ሞሪ የተባለው፥ እርሱም የታወቀ የማንጋ ደራሲና ከተማሪነት ጊዜ ጀምሮ የሚዩራ ጓደኛ የሆነ ሰው፥ ሥራውን ተቈጣጥሮ ሊያስቀጥል ቆረጠ። ሥዕሉን የሚሠሩት የሚዩራ ረዳቶች የነበሩት የስቱዲዮ ጋጋ ሰዎች ናቸው።

ሞሪ እንደ ገለጸው፥ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት ሚዩራ ጠርቶት ታሪኩን እስከ መጨረሻው ድረስ አጫውቶት ነበር። ስለዚህ ከሚዩራ አፍ የሰማውን ብቻ እንጂ ከራሱ ጨምሮ እንደማያስጽፍ፥ አጥርቶ የማያስታውሰውንም እንደሚተወው፥ ሥራውም እንከን የሌለበት ሊሆን እንደማይችል ለአንባቢዎች ተናገረ። በ24ኛው ቀን አዲሱ ክፍል ወጣ፤ በ2023 ዓ. ም. በመስከረም ወርም 42ኛው መጽሐፍ ታተመ። በሽፋኑም ላይ የመነሻው ባለቤት ሚዩራ መሆኑ ተጽፎአል።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ አንባቢው በሦስት ተከፈለ።

የመጀመሪያዎቹ ታሪኩ ከደራሲው ጋር መቅረት ነበረበት ይላሉ። አሳባቸው ቀላል አይደለም። የእጅ ጽሕፈት እንደ ርስት አይወረስም፤ ሠዓሊውም መስመሩን ለማንም አያወርስም። የቤልጅጉ ሠዓሊ ኤርዤ በ1983 ዓ. ም. ሲሞት ከእርሱ በኋላ ማንም «ቴንቴን»ን እንዳይቀጥል ፈቃዱን ገልጾ ስለ ነበረ፥ የመጨረሻው ጅምር ሥራው በ1986 ዓ. ም. በንድፉ እንዳለ ታተመ፤ አዲስ የቴንቴን መጽሐፍም አልተጨመረበትም። ይህ የሚከበር ነገር ነው። የሚዩራ ነገር ግን ከዚህ ይለያል። እርሱ ታሪኩን በልቡ ቈልፎ አልሞተም፤ ለአንድ ወዳጁ ነግሮታል። መንገር ማዘዝ አይደለም ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው። ነገር ግን የሰማውን ነገር ይዞ ዝም የሚል ሰው ምን ጊዜም ከዕዳ ነጻ ነው ለማለት አንደፍርም። ባገራችን አነጋገር የሰሙት ነገር አደራ ነው፤ አደራም የሚጠየቀው ተቀባዩ ነው።

ሁለተኛዎቹ ደግሞ የመጣውን ሁሉ በምስጋና መቀበል ነው እንጂ መንቀፍ ውለታ ቢስነት ነው ይላሉ። በዚህም አንስማማም። ገንዘቡን ከፍሎ፥ ጊዜውን ሰጥቶ የሚያነብ ሰው የመፍረድ መብት አለው። ሳያነቡ ማመስገን ሳያነቡ ከመንቀፍ አይሻልም፤ ወራሹም የት እንደ ተሳሳተ ካልተነገረው ሊታረም አይችልም። ታሪኩ ለአሳታሚው ከፍ ያለ ገቢ የሚያስገኝ መሆኑም ስለማይካድ፥ አንባቢው ነቅቶ ቢመለከት ይገባዋል።

ሦስተኛዎቹ የባሱት ናቸው። እያንዳንዱ ክፍል በወጣ ቍጥር «ሚዩራ ቢሆን ኖሮ» እያሉ፥ የጋትስ ፊት ደረቀ፥ ገጹ አነሰ፥ ነገሩ ቶሎ ቶሎ አለፈ እያሉ ያማርራሉ። ከነዚህም መካከል ሚዩራ በሕይወት ሳለ ዘገየ ብለው የሰደቡት አይታጡም። በሕይወት የነበረውን በመዘግየቱ፥ የተተካውን በመፍጠኑ የሚከስ ሰው፥ የሚፈልገው ታሪኩን ሳይሆን ክሱን ነው።

ታዲያ ትክክለኛው ሚዛን ምንድን ነው? እኛ እንደምናየው ወራሹን መመዘን የሚገባው በሟቹ ችሎታ ሳይሆን ራሱ በገባው ቃል ነው። ሞሪ ከሰማሁት ሌላ አልጨምርም ብሎአል። እንግዲያውስ ታሪኩ ሥጋ ጐደለው፥ ቀጠነ የሚለው ነቀፋ በእርሱ ላይ አይጸናም። ሊያወፍረው ቢፈልግ ከራሱ መጨመር በቻለ ነበር፤ እንደዚያ ቢያደርግ ግን ገጹ የሞሪ እንጂ የሚዩራ ባልሆነ። ቅጥነቱ የታማኝነቱ ምልክት ነው። ሥዕሉ በግዴለሽነት ቢሠራ፥ የታሪኩ ሥርዓት ቢፋለስ፥ ወይም የሟቹ ስም ከሽፋኑ ቢፋቅ ግን ያን ጊዜ አንባቢው ቢቈጣ እውነት አለው።

የአንባቢ ቍጣ ብርቱ ኀይል መሆኑን ታሪክ ይመሰክራል። የእንግሊዙ ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል በ1893 ዓ. ም. ሼርሎክ ሆምስን ከገደል ጥሎ ገደልሁት ቢል አንባቢው እምቢ ብሎ ስላስጨነቀው፥ በ1903 ዓ. ም. ከሞት አስነሥቶ ሊያመጣው ግድ ሆነበት። ዶይል ግን በሕይወት ነበርና መልስ ለመስጠት ቻለ። ሚዩራ መልስ ሊሰጥ አይችልም። ስለዚህ በእርሱ ስም የሚናገር ሁሉ፥ ሞሪም ሆነ አንባቢ፥ እጥፍ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ያደርግልናል የሚል ወጣት አይጠፋም። እኛ ግን ነገሩ ከሥዕል መጽሐፍ አልፎ የሚሄድ ሆኖ ይታየናል። ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የሚይዝ ወጣት ከባዶ ጠረጴዛ አይጀምርም፤ ሌላ ሰው የጀመረውን መዝገብ፥ ሌላ ሰው ያቀደውን ሥራ ይረከባል። በዚያ ጊዜ ሁለት ፈተና ይመጣበታል። አንደኛው የቀድሞውን ሰው ሥራ የራሱ አስመስሎ ማቅረብ ነው፤ ሁለተኛው የቀድሞው ሰው አሳብ ነው እያለ የራሱን ፈቃድ መፈጸም ነው። ከሁለቱም የሚያድነው መንገድ ይህን ተቀብያለሁ፥ ይህን አላውቅም፥ ይህ የእርሱ ነው፥ ይህ የእኔ ነው ብሎ በግልጽ መናገር ነው። እንዲህ ያለውን ሰው የሚመለከት ሁሉም በማያልቅ ንጽጽር ሊያደክመው አይገባም።

ሲያልቅ አያምር ይባላል። የጋትስ ታሪክ ፍጻሜም ምናልባት ሚዩራ ቢስለው ያምር የነበረውን ያህል ላያምር ይችላል። ቢሆንም በታማኝ እጅ የደረሰ ያልተሟላ ፍጻሜ፥ አምሮ ከተፈጠረ ሐሰተኛ ፍጻሜ ይበልጣል። አንባቢም አደራ ተቀባዩን ይቈጣጠረው እንጂ፥ ሟቹን አልሆንህም ብሎ አይክሰሰው።